እስከ አፉ የተሞላ ስኒ

በማርጊላን ከተማ፣ በመውሉዳ ቤት፣ ፖልቮን የተባለው የጨርቅ ድብ ዛሬም ለቁርስ በክብር ተሰይሟል። የአራት ዓመቷ ልጇ ዚሎላ እሱ ሳይቀምስ አትቀምስም። ሰኞ ግን መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች፤ እዚያ ድብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

በአገሩ ልማድ እንግዳ እንዲቆይ ሻይ በትንሹ ይቀዳል፤ ስኒው ከሞላ ግን ‘ሂድ’ ማለት ነው። መውሉዳ የድቡን ስኒ እስከ አፉ ሞላችው።

“እንግዳ ታባርሪያለሽ?” አሉ አማቷ እየሳቁ።

“ይግባው እንጂ፣ እማማ። ስንት ዓመት ይቀለባል?”

“ለመንገዱ ዳቦ ቋጥሪለት” አለ ባሏ።

መውሉዳ ዳቦውን ይዛ ከማድ ቤት ስትመለስ አማቷና ባሏ መሳቅ አቁመዋል። ስኒው ተጨልጦ ደርቋል፤ ድቡ የተቀመጠበት ትራስ ባዶ ነው። ዚሎላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታደርጋለች።

“ወዴት ነው፣ የኔ ልጅ?”

“ሂዱ ብለሽን የለ? እሱ ቀድሞኝ ወጣ።”

ከግቢው በር ውጭ፣ ቆሞ መጠበቅ የሰለቸው ሰው እንደሚያደርገው፣ አንድ ጎርናና ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።