እንደሻው ቢሮ ገብቶ የሞተበት ሳምንት

እንደሻው መሞቱን ያወቀው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነው። የሠራተኞች ፋይል ላይ ከስሙ ትይዩ «በሞት የተለየ» ይላል።

መሥሪያ ቤቱ የገብስ አምራቾች ማኅበር ነው። አሰላ፣ በቆጂና አቦምሳ ቢሮ አለው፤ በየቢሮው አንድ ሰርቨር። አንዱ ጋ የተጻፈ ሌሎቹም ጋ ይገለበጣል። ሁለት ቅጂ ከተጣላ ማሽኖቹ ሽማግሌ አይልኩም፤ ቀኑ የቅርብ የሆነው ይጸናል፣ የቆየው ይደመሰሳል።

እንደሻው ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። እሑድ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ሰኞ ገና ሲገባ ሰርቨሩን አስነሣ፣ ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር ጋር አመሳክሮ አስተካከለ፣ አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ነው የሞተው።

ቶሎ ብሎ «በሥራ ላይ» ሲል ራሱን አስነሣ። ከምሳ ሲመለስ እንደገና ሞቶ ጠበቀው።

በቆጂ ላለችው የመዝገብ ሠራተኛ ለናኢማ ደወለ።

«ወላሂ ተሳስቼ ነው አቶ እንደሻው! የሞተው የኛ ዘበኛ ነው፤ እሱም እንደሻው ነው ስሙ። ከዚህ ላስተካክለው?»

«እጅሽን እንዳታስገቢ! የራሴን እኔው አስተካክላለሁ።»

ማክሰኞ ተነሣ፤ ሞተ። ረቡዕ ሁለቴ ተነሣ፣ ሁለቴ ሞተ። ከአቦምሳ ቢሮ ቱሳ ሊያጽናና ደወለ።

«እግዜር ያጽናችሁ። መቼ ነው ቀብሩ?»

«እኔ ነኝ ቱሳ፣ እንደሻው ነኝ።»

ቱሳ ስልኩን ዘጋ።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ገብረ መድህን አስጠራው።

«ስታየኝ አያለሁ፤ ፋይሉ ግን ሌላ ነው የሚለው። በሁለት መዝገብ መሥራት አልችልም። እስከ ነገ ጠዋት ካልተነሣህ ቦታህ ክፍት ነው። ተተኪዋ ናኢማ ናት።»

እንደሻው አሁን ገባው። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር! በናኢማ ላይ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፈ። ናኢማ ፋይሉን እንዳትነካ ወዲያው ታገደች። እሱም ለመጨረሻ ጊዜ ራሱን አስነሥቶ፣ ከሰኞ ወዲህ ያላገኘውን እንቅልፍ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት ፋይሉን ከፈተ። ሞቷል።

«በሰው እጅ ነው የምታስደርገው!» እያለ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ሲከት ናኢማ ከበቆጂ ደረሰች። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፤ ወንበሩን አልፈለገችውም። እሱ ፊቱን አዞረባት። እሷ ሰርቨሩ ፊት ቆማ ስክሪኑን ብዙ አየች።

«አቶ እንደሻው፣ እዚህ ላይ ቀኑን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ!» አለ እንደሻው፣ ደረቱን ነፍቶ። «በፈረንጅ 2025 ይል ነበር፤ እኔ ነኝ ወደ እኛው 2018 የመለስኩት።»