ለለቅሶው የወጣው ፎቶ

ፎቶ አንሺው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሰው ያነሳው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ወንበር ላይ ያስቀምጥና "ቀና በል፣ እንዳትስቅ" ይላል፤ ሙሽራም ቢሆን፣ ሕፃንም ቢሆን። ፊት ለፊቱ ስቱዲዮ የከፈተችው ፍሬሕይወት በየክረምቱ ለስልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ ደግሞ ይሳለቅባታል።

"ዘንድሮም ተማሪ ቤት ገባች" አላት ሚስቱን አስካለን።

"አንተስ አንድ ጊዜ ሄደህ ብታይ ምን አለበት?"

"እኔን ማን ሊያስተምረኝ?"

አስካለ ዓመት ያህል በሕመም ስትማቅቅ ከርማ ሞተች። ድንኳኑ እንደተተከለ ልጃቸው ሰናይት በፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ አምጥታ ለቀስተኛው ፊት አቆመችው። አስካለ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ፣ ከልቧ ትስቃለች። ያየ ሁሉ ለቅሶው ገነፈለበት።

"ቁርጥ እሷን አድርገህ ነው ያነሳሃት፤ እጅህ ይባረክ" አለው ፎቶ አንሺውን የእድሩ ዳኛ።

ፎቶው የእሱ እንዳልሆነ ገና ሲያየው አውቋል። እንዲህ ስትስቅም አይቷት አያውቅም።

"አሜን" አለ። "የሠላሳ ዓመት እጅ ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ምስጋናውን ሲቀበል ሰነበተ። ድንኳኑ በተነሳ ዕለት ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ከጀርባው የሚመታውን የፍሬሕይወትን ስቱዲዮ ማኅተም በምላጭ ሊፍቅ ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ ገለበጠው። ማኅተሙ እንደጠበቀው እዚያው ነበር። ከሥሩ በአስካለ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"ሰናይት፣ ይኼ ለለቅሶዬ ነው። አባትሽ ያነሳኝን እንዳታወጪብኝ።"