ለቡሄ የተደበቁ ስምንት ቃላት

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ይሄን ጨዋታ የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ቢታገለው በአንድ ሰዓት አይጨርሰውም» አልኳቸው፣ ከማተሚያው የሚወጣውን ወረቀት እየተቀበልኩ።

«አትጎትቺው፣ ይቀደዳል» አሉኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሳቸው ነው፤ ጉራ አይሰሙም።

ግን እውነቴን ነበር። ነገ ቡሄ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ልጆችም ወላጆችም የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ጨዋታውም የኔ ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ መቶ ሳጥን አለ፣ በየሳጥኑ አንድ ፊደል። ከፊደሎቹ መሀል ስምንት ቃል ደብቄያለሁ፤ ቡሄ፣ ሙልሙል፣ ችቦ፣ ጅራፍ፣ ሆያሆዬ፣ ታቦር፣ ዳቦ፣ ዝናብ። ያገኘ ያከብባል። ዝናብን እንዲያውም አግድም አስተኝቼ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የጻፍኳት።

እስከ ዛሬ የበዓል ጨዋታ የሚያዘጋጀው ፋሲል ነበር። አሥረኛ ክፍል ነዋ! የዘንድሮውን እኔ ላዘጋጅ ማለቴን ሲሰማ «ከስድስተኛ ያቋረጠች ልጅ ምን ታውቃለች?» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። ሰብሳቢያችን ጋሽ አስናቀ ግን ስልሳ ቅጠል ወረቀት ሰጡኝ። «ዓይናለም፣ ልጆቹን አንድ ሰዓት ካስቀመጥሽልኝ የእንቁጣጣሹም ያንቺ ነው። ካልሆነ ለፋሲል እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከስልሳው አንዱ ቀለም ተዝረክርኮበት ወጣ። የእትዬ ፈንታነሽ ልጅ ጌጤ ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብላ እርሳስ ታኝካለች። ዘንድሮ ነው አንደኛ ክፍልን የጨረሰችው፤ የፊት ጥርሶቿ ገና አልበቀሉም።

«እንኪ፣ ታገይ» ብዬ የተበላሸውን ወረወርኩላት።

ሃምሳ ዘጠኙን ወረቀት ባንኮኒው ላይ እየመታሁ ጫፍና ጫፉን ሳስተካክል፣

«ጨረስኩ» አለች።

«ምኑን?»

«ስምንቱንም።»

ቀማኋት። ስምንቱም ተከበዋል። ያቺ አግድም ያስተኛኋት ዝናብ ሳትቀር!

«እትዬ፣ እርስዎ ነግረዋታል!»

«እኔ? መነጽሬን መች አደረግሁና ነው የማነብላት?»

«ታዲያ እንዴት አገኘችው? ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላትም እኮ!»

ጌጤ ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና በእርሳሷ ጫፍ ታሳየኝ ጀመር፣ ልክ እኔ ተማሪ እሷ አስተማሪ እንደሆነች።

«እይ። ይሄ ለ ነው። ይሄ መ። ይሄ ሰ፣ ይሄ በ። መጀመሪያ የተማርናቸው፣ ምንም ያልተቀጠለባቸው። እነሱን ዝለያቸው። እዚህ ጋ ቡ አለ፣ አጠገቡ ሄ አለ። አለቀ።»

አየሁት። ፊቴ ጋለ።

በእህቴ ስልክ ነው የጻፍኩት። በስልኳ ለ ለመጻፍ አንዴ መንካት ይበቃል፤ ሉ ከፈለግሽ ሁለቴ ነው። ቃላቱን በጥንቃቄ ከደበቅኩ በኋላ ሰባ ሰባት ባዶ ሳጥን ቀረኝ፣ እኔም ደክሞኝ ነበር፣ አንዴ አንዴ እየነካሁ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ እያልኩ ሞላኋቸው። አንድ ሉ የለ፣ አንድ ሚ የለ። ቃላቴ በበግ መንጋ መሀል እንደቆመ በሬ ይታያሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ኖሬ ይሄ አልታየኝም!

ነገ ታየኝ። ልጆቹ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ሲንጫጩ፣ ጋሽ አስናቀ ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ፋሲል ከኋላ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ።

«እትዬ፣ ጀርባው ላይ ደግመን እናትመው! አሁኑኑ አስተካክልና እልክልዎታለሁ።»

«ፍጠኚ እንግዲህ።»

ስልኩን አወጣሁ። ሁለት መስመር እንዳስተካከልኩ ማተሚያው አቃሰተና ጸጥ አለ። የጣሪያው አምፖልም አብሮት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ሆነ።

«ሄደ» አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

«ይመጣል?»

«እኔ ነኝ እንዴ የማመጣው? ትናንት የሄደው ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው።»

ማልቀስ አማረኝ። ማሽኑን በእርግጫ ማለትም አማረኝ። ውጭ ጎረምሶች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ እያንዳንዱ ጩኸት እኔኑ የሚገርፍ ይመስላል።

ድንገት ብልጭ አለልኝ። ለ እኮ ጎኑ ላይ ጭረት ብታደርጊበት ሉ ነው! በ አንድ እግሩን ብታስረዝሚው ባ ነው! ማተሚያ ምን ያደርጋል?

«እስክሪብቶ ይስጡኝ!»

«ሃምሳ ዘጠኙንም በእጅሽ?» ሰማያዊ እስክሪብቶ እየሰጡኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እብድ ነሽ አንቺ ልጅ።»

በሩ አጠገብ ብርሃን ወዳለበት አግዳሚ ሄድኩና ጀመርኩ። ለአንዱ ጭረት፣ ለአንዱ እግር፣ ለአንዱ ቀለበት። ጣቴ ደነዘዘ፣ መዳፌ በቀለም ተለቃለቀ፣ ሁለቴ ተሳሳትኩና ሁለቴ ተሳደብኩ። አንዱ ወረቀት ሲያልቅ ግን አንገቴን ቀና አደረግሁ። ሁሉም ፊደል የሆነ ነገር ተቀጥሎበታል። ቃላቴ ገብተው ጠፍተዋል። ፋሲል አሥረኛ ክፍል አይደለም ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይሄ ዘዴ አይመጣለትም።

ወረቀቱን ጌጤ አፍንጫ ሥር ደቀንኩት።

«በይ እስቲ ጎበዟ፣ አሁን አግኚ!»

እርሳሷን እንኳ አላነሳችም። አንዴ ብቻ አየት አደረገችው።

«ይሄማ ይባስ ቀላል ነው» አለች። «ሰማያዊ ያልነካውን ማክበብ ነዋ።»