የዓሣዋ ድስት

የታጁራ ባሕር ዛሬም ሰማያዊ ነው፤ በውስጡ የነበረው ዓሣ ግን፣ እንደ ሌሎቹ ባሕሮች ሁሉ፣ ናርዶስ ሳትወለድ አልቋል። ስለዚህ ለዕረፍት የመጣው ቤተሰቧ ፀሐዩ ሳይበረታ የቀሩት ጥቂት ዓሦች ወደሚጠበቁበት የመስታወት ቤት ሄደ።

እማማ የሺመቤት መስታወቱ ፊት ሲደርሱ አማተቡ። አንድ ደንዳና ዓሣ ቀስ ብሎ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ።

«እማማ፣ እውነት ሰው ይህን ይበላ ነበር?» አለች የልጅ ልጃቸው ናርዶስ፣ ነውር የጠየቀች መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴታ! ያቺ አትንኪያት የምልሽ ትንሽ ድስት የአያትሽ የዓሣ ድስት አይደለች?»

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤታቸው ጋሽ ተሰማ ዓሣ በጾም ይበላል ባይ ነበሩ። እማማ ደግሞ «በኔ ቤት ጾም አይገደፍም!» ይሉ ነበር። በዚሁ ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩ። የዓሣ ቀን ድስቱም ማዕዱም ይለያል፤ ባል በአንድ ጥግ፣ ሚስት በሌላው ጥግ ይበላሉ።

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለች ናርዶስ ታሪኩን ሰምታ።

ዓሣው አፉን ከፈት ከደን ያደርጋል።

«እዪው እስቲ» አሉ እማማ ፈገግ ብለው፣ «ልክ እንደ አያትሽ፤ ክርክር አይሰለቸውም።» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት፣ ልጄ። ይኸው ዓለሙ ሁሉ ከዓሣ ጾመልኝ።»

ትንፋሻቸው ያደበዘዘውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ዓሣውን ትክ ብለው አዩት።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ አብሬው በቆረስኩ።»