የነጋ ወንፈል

በ1956 መስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጥርባ ከሚባለው ስፍራ አጠገብ ያለውን የወይዘሮ ደጊቱን የሰመጠ ማሳ በአፈር ልንሞላ በወንፈል ወጣን። ከማሳው ሥር የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ስላለ መሬቱ በየክረምቱ ይሰምጣል። አንድያ ልጃቸው ነጋ ከሰል ሲቆፍር ዋሻው ተንዶበት እዚያው ቀርቷል፤ አስከሬኑ እንኳ አልወጣም። እና ወንፈሉን የሚመልስላቸው ሰው እንደሌለ እያወቅን ነበር የሄድነው።

ድንጋይና አፈር ስንደፋ አረፈድን። ከዚያ አቶ አድማሴ እያዜሙ፣ እኛ እየተቀበልን፣ አፈሩን በእግራችን ጠቀጠቅነው።

«በቃ፣ እረፉ!» አሉ አቶ አድማሴ።

ሁላችንም ቆምን። የእግር ድምፁ ግን አልቆመም። ከታች፣ በእኛው ዜማ ልክ፣ ድም ድም ይላል።

አቶ አድማሴ አማተቡ። «ወይዘሮ ደጊቱ፣ ይሰማዎታል?»

«ምን ያስደነግጣችኋል?» አሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ነጋ መቼ የሰው ወንፈል አስቀርቶ ያውቃል?»

እውነታቸውን ነበር።

ተንበርክከው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ። «ይበቃል ልጄ፣ አንተም እረፍ። እነሱም አርፈዋል።»

አላረፈም። የሰመጠው መሬት፣ እኛን እንደተሸከመ፣ ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ።