የእሑድ መልእክት

ባሕር ተሻግሮ ጣልያን የገባው ልጃቸው መክብብ በየእሑዱ የሚልክላቸውን መልእክት ወይዘሮ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው ሦስት አራቴ ያነቡታል። አንድ እሑድ መልእክቱ ቀረ። የሚጻጻፉበትን መተግበሪያ አንድ ግዙፍ ኩባንያ ተፎካካሪ እንዳይሆንበት ገዝቶት፣ «ለደኅንነት ሲባል ፊቱን በካሜራ አሳይቶ በስሙ ካለው ፎቶ ጋር ያልገጠመ ሰው አይገባም» ብሏል አሉ።

ሦስት እሑድ ጠበቁ። በመጨረሻ አብራቸው የምትኖረውን ሴት ልጃቸውን ትርሲትን፣ «እንደምንም ፈልገሽ ንገሪው እንጂ! ፊቱን ቢያሳያቸው ምን ይከብደዋል?» አሏት።

ትርሲት እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቀፈች።

«የእኔን ፊት አልቀበል አለኝ፣ እማዬ።»

«ያንቺ ፊት ደግሞ ምን አገባው?»

«መክብብ ባሕር ላይ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍልሽ የኖርኩት እኔ ነኝ።»