ያልሞተ ሰው መርዶ

የግቢዬን የቆርቆሮ በር ከመክፈቴ በፊት በቀዳዳው አየኋቸው። ፊት የቆሙት ጋሽ ተክለማርያም ናቸው፤ የእድራችን ሰብሳቢ። እሳቸው ጎህ ሳይቀድ ያንኳኩት ቤት ረፋዱ ላይ ድንኳን ይተከልበታል። ከኋላቸው ሪሐናና ነስራ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሪሐና አፏን በሻርፗ ይዛለች።

ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ከእኔ ቅመም ሱቅ በስተቀኝ ሪሐና ጨርቅ ትሸጣለች፣ በስተግራ ነስራ ጫማ። እንኳን በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ሊመጡ፣ ሱቃቸውን ለመክፈት እንኳ እኔ ደውዬ ነው የምቀሰቅሳቸው።

«መልአክ!» አልኩ።

ልጄ የሲኖትራክ ሹፌር ነው። ጭነት ይዞ ወደ አፍደም ከወረደ ወዲህ ስልኩ አልሠራ ካለኝ ሰንብቷል።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ሻሼን ወረወርኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አደገደግኩ፣ «ልጄን! አንድዬን!» እያልኩ ደረቴን እደቃ ጀመር። ጋሽ ተክለማርያም «ቆዪ ልጄ፣ ቆዪ» ይላሉ። ማን ሰምቷቸው!

ሪሐና ዘላ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች።

«ደረትሽን አትምቺ! ቀለምወርቅ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ግራውን አትምቺው!»

«ልቀቂኝ! ልጄ ሞቶ…»

«አልሞተም! ወላሂ አልሞተም! ትናንት በጓደኛው ስልክ አናግሬዋለሁ። መኪናው ተበላሽቶበት ነው እንጂ ደህና ነው።»

«ማዪልኝ!»

«ልጆቼን ያሳጣኝ!»

እዚያው ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ፣ ተመስገን አልኩ፣ እልል አልኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀና ስል ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። እልልታዬን የተቀበለኝ የለም።

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም» አሉ ጋሽ ተክለማርያም።

«ታዲያ እርስዎ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

አቀርቅረው ቆባቸውን በእጃቸው ማዟዟር ያዙ። የመለሰችልኝ ነስራ ናት። ሲጨንቃት አማርኛዋ ይሰባበራል።

«አባዮ፣ እህቴ፣ መናገር አቃተን። ትናንት መጣን፣ ሻይ ጠጣን፣ ሄድን። ከዚያ በፊትም መጣን፣ ሳቅን፣ ሄድን። እኔ ነኝ ያልኩት፤ የእሷ ሰዎች ክፉ ወሬ ሲነግሩ በጠዋት ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ እንደ ወጓ እንንገራት፣ እንዳትቀየመን አልኩ።»

«ይሄ እኮ ለሞት ነው ብያቸው ነበር» አሉ ጋሽ ተክለማርያም ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ሲያለቅሱብኝ ጊዜ ምን ላድርግ?»

ያኔ ገባኝ። ከግራ ጡቴ ሐኪሙ ቆንጥሮ ወደ አዲስ አበባ የላከው ሥጋ። የቀጠሮው ቀን «ቤተሰብ ይግባ» ብሎ ሪሐናን አስገባና እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጠኝ። ዓይኗ ቀልቶ ወጥታ «ውጤቱ ገና አልመጣም» አለችኝ፣ አመንኳት። አይ እኔ! ሸክላ የተቀላቀለበትን በርበሬ ገና ጆንያው ሳይፈታ የምለየው ሴትዮ! አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን የገዛ ጡቴን ነገር መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«እሱ ነው?» አልኩ። ስሙን መጥራት ፈራሁ።

ሪሐና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«መድኃኒት አለው አይደል?»

«አዲስ አበባ እንወስድሻለን። ነስራ አብራሽ ትሄዳለች፣ እኔ ሱቁን እይዛለሁ፣ ደግሞ…»

«ሪሐና! ሐኪሙ ምን አለ?»

«ጉበት ገብቷል አለ።» ተንሰቀሰቀች። «ዘግይታችኋል አለኝ። እኔ ምን ልበለው? ምን ልበለው ቀለሜ?»

ስንት ወር ሙሉ እብጠቱን ቅባት ስቀባው፣ በጠበል ሳብሰው ከርሜ፣ አሁን እሷ እንደጥፋተኛ ፊቴ ታለቅሳለች። ነስራ ጣቶቼን ጨምቃ ይዛለች። ኬላ ላይ ተሟግታ የተያዘ ጫማዋን የምታስለቅቅ ሴት ናት። አሁን ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ በሩን ታያለች።

«መልአክ ያውቃል?»

«ልነግረው ነበር የደወልኩት። ድምፁን ስሰማ አልቻልኩም።»

«ስትነግሩት በጠዋት አትሂዱበት» አልኩ። «በቀን ይሁን። ምሳውን ከበላ በኋላ።»

ሰፈሩ ጩኸቴን ሰምቶ ኖሯል። በተከፈተው በር ነጠላ ያደገደጉ ሴቶች እያለቀሱ ገቡ፣ አንዱ ጎልማሳ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ተከተላቸው። ጎረቤቴ ሀምሴ ከሁሉም ቀድማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንደ እህት ነው ያለቀሰችልኝ። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ቀና አለች።

«ማን ነው?» አለች። «ማን ነው የሞተው?»

ጋሽ ተክለማርያም እንዲመልሱላት ጠበቅኩ፤ የእሳቸው ሥራ ነው። እሳቸውም፣ ሪሐናም፣ ነስራም እኔን ያያሉ። ነጠላዬን ልፈታ እጄን ወደ ወገቤ ሰደድኩ። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አለኝ።